ባሕር የበላው ዘመድ

ቀፊራ ገበያ ዳር ጥላ ሥር ያገኘኋቸው አዛውንት፣ “እስኪ ሰባት ቤት ቁጠር” ቢሉኝ አራተኛው ላይ ቆምኩ። በባርነት ተጭኖ ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ ይባላል፤ ስሙ ግን አልቀረም።

በመስከረም 1881 ዓ.ም. ኦስፕሪ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ያዘች። ያኔና ከዚያ ወዲህ ነጻ ከወጡት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ፤ የሕይወት ታሪካቸውም ከአንደበታቸው ተጻፈ። የምሁሩ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ቢሾ ጃርሳ ከእነርሱ አንዷ ነበረች።

የተያዘ ጀልባ መዝገብ አለው፤ የሰጠመ የለውም። ታዲያ ሙትን መፈለግ ዕዳ ከሆነ፣ ዕዳው ስሙ ለተጻፈለት ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ፍለጋው ለእርሱ ይሁን ለእኔ ኩራት አለመለየቴ ነው።

አዛውንቱ አራተኛ ጣታቸውን ያለ ስም አጠፉና አምስተኛውን ጠየቁኝ።