የመሪ ፊትና የሥራ ጠባይ

በየመሥሪያ ቤቱ ዘወትር ከሚሰሙት ስሞታዎች አንዱ፣ «ኃላፊያችን አንድ ፊት የለውም፤ ጧት ያዛል፣ ከሰዓት በኋላ ያማክራል» የሚል ነው። ስሞታው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እንደ ሁኔታው አመራሩን የሚለዋውጥ ሰው አስተዋይ ነውን? ወይስ እስስት?

በከፋ ምድር ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅሙ ሁለት የሥራ ሜዳዎች ይገኛሉ። አንደኛው በቦንጋ አቅራቢያ ያለው የውሽውሽ የሻይ እርሻ ነው። ከሻይ ተክል የሚቀጠፈው እምቡጡና ከሥሩ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። ቅጠሉ ታጭቆ ከዋለ ይሞቃል፤ ከሞቀም ይበላሻል። ስለሆነም የለቀማው፣ የሚዛኑና የመኪናው ሰዓት የተቆረጠ መሆን ይኖርበታል። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ ስብሰባ የሚጠራ አለቃ (እንዲህ ያለም አይጠፋም) የሰው ላብ ያባክናል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የከፋ ደን ነው። በዚያ ጫካ ያለው ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ የበቀለ ነው። ፍሬው ባንድ ቀን አይቀላም፤ የትኛው ሸለቆ ቀድሞ እንደሚደርስ የሚያውቀው በዚያው ያደገው ገበሬ ነው። ከጠረጴዛ የተላለፈ «ሰኞ ልቀሙ» የሚል ትእዛዝ ጥሬውን ከበሰለው ያደባልቃል። እዚህ መምራት ማለት መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሜዳዎች በአንድ ፊት የሚመራ ሰው ጽኑ ሊባል አይገባውም፤ ሥራውን አላየውምና። እስስትነት ያለው ሌላ ዘንድ ነው። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ለራሷ ጉዳይ ነው፤ ለበላዩ አዳማጭ፣ ለበታቹ አዛዥ የሚሆን ኃላፊም የሚለዋወጠው ወንበሩ አስግቶት ነው።

ይሁን እንጂ ከበድ ያለው ጥያቄ ገና ነው። ጊዜው የትእዛዝ ነው ወይስ የምክክር ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ፍርዱ ለመሪው ብቻ ከተተወ ቀኑ ሁሉ የጥድፊያ ቀን ይሆናል። የከፋ መንግሥት፣ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 እስከ ተማረኩበት ጊዜ ድረስ፣ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ሸንጎ ነበረው። ያ ሥርዓት ባሪያና ጌታ የነበሩበት ስለሆነ አርአያ አድርገን አናቆመውም። ነገር ግን ምክክሩ ለንጉሡ ፈቃድ ብቻ የተተወ አልነበረም፤ ሸንጎው ሥልጣኑን ይገድብ ነበር። ዛሬ በሻይ እርሻውም ሆነ በቡና ገበሬዎች ማኅበር፣ ጥድፊያው ማለፉን ለአለቃው ያለ ፍርሃት የሚነግረው ማን ይሆን?