የወላጆች መሥዋዕት፦ ስጦታ ወይስ ዕዳ?



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 የአብርሃምንና የይስሐቅን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ልባችን የሚያርፈው በአባትየው እምነት ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በታሪኩ ፍጻሜ የሚገኘውን ነገር ቸል ብለን ማለፍ የለብንም። እግዚአብሔር የአብርሃምን እጅ ከልጁ ላይ ከለከለ፤ ይስሐቅ ከመሠዊያው ወረደ፤ በእርሱም ፈንታ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ ተሠዋ። በዚህ ጽሑፍ ልናሰላስለው የወደድነው ይህንኑ ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል፤ ልጁን ግን የራሱ ምኞት መሥዋዕት ሊያደርገው አይገባም።

ወደዚህ አሳብ የመራን ከአንድ ኮሪያዊ ስደተኛ ጋር ያደረግነው ጭውውት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በአንድ ቁምስና በእንግድነት በነበርንበት ወቅት፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ አንድ ሰው ቀርበው ከየት አገር እንደመጣን ጠየቁን። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ስንነግራቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡን። «የእናንተ አባቶች ስለ እኛ አባቶች ሞተዋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ የሚሆኑ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ወደ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከዚህ ሰላምታ በኋላ ሰውየው የቤተ ሰባቸውን ታሪክ አጫወቱን።

ከሁንግናም ወደብ እስከ ሎስ አንጀለስ

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 በሰሜን ኮሪያ በሚገኘው በሁንግናም ወደብ ነው። ጦርነቱ ሲገፋ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሲቪሎች ከዚያ ወደብ በመርከብ ወጡ። ከመርከቦቹ አንዷ ሜሬዲት ቪክቶሪ ትባል ነበር። ዕቃ ጫኝ መርከብ ስለነበረች ለመንገደኞች የነበራት ቦታ ለ12 ሰዎች ብቻ ነበር። አዛዥዋ ካፒቴን ሌናርድ ላሩ ግን ወደ 14,000 የሚጠጉ ስደተኞችን ተቀበሉ። በዚያ ብርድና ጭንቅንቅ ውስጥ አንድም ሰው ሳይሞት፣ ይልቁንም አምስት ሕፃናት ተወልደው፣ መርከቢቱ በልደት ሰሞን ጌዎጄ ወደምትባለው ደሴት ደረሰች።

«አያቴ አባቴን በእጇ ይዛ በዚያች መርከብ ተሳፈረች» አሉን ሰውየው። «አባቴ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። አያቴ ሽማግሌ ወላጆቿን ከኋላ የተወቻቸው በጥቂት ቀን ተመልሼ እመጣለሁ ብላ ነው። ዳግመኛ አላየቻቸውም። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ቀን ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ ትሰግድ ነበር።»

አባታቸው አድገው በሴኡል ከተማ አስተማሪ ሆኑ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሕግ ለእስያ ሰዎች በሯን ከከፈተች በኋላ፣ በ1974 ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዱ። በአገራቸው ጠመኔ ይይዝ የነበረው እጅ በሎስ አንጀለስ መጥረጊያ ያዘ፤ ሌሊት ሌሊት የቢሮ ወለል ይጠርጉ ነበር። እናትየው ልብስ ይሰፉ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንዲት የልብስ ንጽሕና ሱቅ ከፈቱ። ያችም ሱቅ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጨረሻ 1992 በከተማይቱ በተነሣው ሁከት ተቃጠለች። አንድ ጥቁር አሜሪካዊን ደብድበዋል ተብለው የተከሰሱት ፖሊሶች ሳይፈረድባቸው በመቅረቱ የተቀሰቀሰው ያ ሁከት ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆችን ጎድቷል። ኮሪያውያን እስከ ዛሬ ያንን ቀን በቋንቋቸው «ሳ-ኢ-ጉ» ማለትም አራት-ሁለት-ዘጠኝ እያሉ ያስታውሱታል።

«በማግሥቱ አባቴ ዐመዱን ሲጠርግ አገኘሁት» አሉን። «እኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ቀና ሳይል፣ ‹አንተ ትምህርትህን ቀጥል› አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። የእኔ ኮሪያኛ የሕፃን ኮሪያኛ ነበር፤ የእርሱም እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ብዙ አንነጋገርም። ሐኪም ሆንኩ። መሆን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሌላ ነገር መሆን እችላለሁ ወይ ብዬም አልጠየቅሁትም።»

የልጅ ልጅ ጥያቄ

ዓመታት አለፉ። የእኚህ ሰው ሴት ልጅ በተራዋ የሕክምና ትምህርት ጀመረች፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ትምህርቱን ትታ የሕፃናት አስተማሪ መሆን እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረችው። «ከአፌ የወጣውን ስሰማ ራሴ ደነገጥሁ» አሉን። «‹አያትሽ ወለል የጠረገው፣ ሱቁም ተቃጥሎ ዝም ያለው ለዚህ ነው?› አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ተነሥታ ወደ አያቷ ሄደች።»

አዛውንቱ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ከሰሙ በኋላ ልጃቸውን አስጠሩ። «አባቴ እንዲህ አለኝ፦ ‹እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ጠመኔዬን የተውሁት ልጆቼ የወደዱትን እንዲይዙ ብዬ ነበር። ይህን ሳልነግርህ ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።› ከዚያም፣ ‹አንተስ ሐኪም መሆን ወድደህ ነበር ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሲጠይቀኝ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።»

ምን እንደመለሱላቸው ጠየቅናቸው። ሰውየውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አባቴ ዐርፏል። እኔ ግን ጥያቄውን ገና እየመለስኩት ነው» አሉን።

ስጦታና ዕዳ

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዚህ ቤት ፍቅር አልጠፋም ነበር። አያትየው ወላጆቻቸውን ትተው ልጃቸውን አተረፉ፤ አባትየው ክብራቸውን ትተው ልጆቻቸውን አስተማሩ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ መሥዋዕቱ ስጦታ መሆኑ አልተነገረም። ያልተነገረ ስጦታ በልጅ ልብ ውስጥ ዕዳ ይሆናል። ዕዳውን የተሸከመው ልጅ ደግሞ በተራው ከልጁ ሊቀበለው ይሞክራል። በዚህ ዓይነት ይስሐቅ ሳያውቅ ወደ መሠዊያው ይመለሳል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት (12፥14) ሀብት ማከማቸት ወላጆች ለልጆች የሚያደርጉት እንጂ ልጆች ለወላጆች የሚገደዱበት እንዳልሆነ ያስተምራል። ጌታችንም በመስቀል ላይ ራሱን ሲያቀርብ ለእኛ የዕዳ መዝገብ አልጻፈልንም፤ የዕዳችንን ጽሕፈት ደመሰሰ እንጂ። ስለዚህም ቤተ ክርስቲያን መሥዋዕቱን በመንበረ ታቦት ላይ ስታስብ ምስጋና ታቀርባለች። ለስጦታ ተገቢው ምላሽ ምስጋና ነውና።

ይህን የሚያረጋግጥልን የዚያች መርከብ ካፒቴን ፍጻሜ ነው። ሌናርድ ላሩ ከጦርነቱ በኋላ በኒው ጀርሲ፣ ኒውተን በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ቤነዲክቶሳዊ ገዳም መንኩሰው ወንድም ማሪኑስ ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እስካረፉበት ጊዜም በጸጥታ ኖሩ። ገዳሙ በመነኮሳት ማነስ ተዳክሞ ሳለ፣ በዚያው በ2001 በኮሪያ የሚገኘው የዋይግዋን ቤነዲክቶሳዊ ገዳም መነኮሳቱን ልኮ ሊያቆመው ኃላፊነቱን ተቀበለ። ካፒቴኑ ከተሳፋሪዎቻቸው የጠየቁት ዋጋ አልነበረም። ምስጋናው ግን ሳይጠየቅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ መጣ።

ልጁን የለቀቀ አባት

የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የቆመችው እንዲህ ባሉ ቤተ ሰቦች ላይ ነው። የመጀመሪያው ኮሪያዊ ካህን የቅዱስ እንድርያስ ኪም ቴጎን ቅድመ አያት ብፁዕ ፒዮስ ኪም ጂንሁ ስለ እምነታቸው ለዓመታት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1814 በወኅኒ ዐረፉ። አባቱ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ኪም ጄጁን በ1836 የ15 ዓመት ልጃቸውን ለክህነት ትምህርት ወደ ማካው እንዲሄድ ፈቀዱለት። በ1839 ሲያዙም ልጃቸውን ወደ ባዕድ አገር መላካቸው እንደ ወንጀል ተቈጠረባቸው፤ በሰማዕትነትም ሞቱ። ልጃቸው በ1845 በሻንግሃይ ክህነት ተቀብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1846 በ25 ዓመቱ አንገቱ ተቀላ። አባትና ልጅ ከሌሎች 101 ሰማዕታት ጋር በሜይ 6 ቀን 1984 በሴኡል በቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅድስናቸው ታውጇል።

ኢግናጥዮስ ልጃቸው ቤታቸውን እንዲያቀና፣ ስማቸውንም እንዲያስጠራ ብለው አላስቀሩትም። የእግዚአብሔር መሆኑን አውቀው ለቀቁት፤ የመልቀቁንም ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ። መንፈሳዊ የወላጅ መሥዋዕት ማለት ይህ ነው።

ለቤታችን

ይህ ነገር በእኛም ቁምስናዎች ዘንድ የራቀ አይደለም። ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የላኩ ወላጆች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ልጅቷ ስልክ ስትደውል በመጀመሪያ የምንጠይቃት ምንድን ነው? «ደኅና ነሽ ወይ? ትተኛለሽ ወይ? ትጸልያለሽ ወይ?» እንላታለን? ወይስ «ላክሽ ወይ?» እንላታለን? የታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤቱ ቆርቆሮ በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ሲወድቅ፣ በመሠዊያው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ራሳችንን እንመርምር። ልመለስ ስትል በሩ ክፍት መሆኑንስ ታውቃለች ወይ?

ልጆችም ይህን ሰምታችሁ ወላጆቻችሁን ቸል የምትሉ አትሁኑ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ የሚከለክሉትን ገሥጿል፤ በመስቀል ላይ ሳለም እናቱን ለሚወድደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 3 አባትን በእርጅናው መርዳት እንደሚገባ ይመክራል። አራተኛው ትእዛዝ ጸንቶ ይኖራል። ነገር ግን አክብሮት ከፍቅር ሲወጣ ደስታ ይሆናል፤ ከፍርሃት ሲወጣ ቀንበር ይሆናል።

እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በሚመጣው ሳምንት ልጆቹን አያቶቻቸውን አንድ ጥያቄ ጠይቀው እንዲመጡ እዘዟቸው፦ «ስለ እኛ ብላችሁ የተዋችሁት ነገር ምን ነበር?» የሰሙትን በክፍል ይናገሩ፤ ከዚያም አብራችሁ አመስግኑ። ወላጆችን በምትሰበስቡበት ቀን ደግሞ የኮሪያዊው አዛውንት ጥያቄ ይነበብላቸው፤ ሳይዘገይ እያንዳንዱ ልጁን ይጠይቅ፦ «አንተስ ወድደህ ነው ወይ?»

የአብርሃምን እጅ የከለከለ፣ ስለ እኛ ግን ለአንድያ ልጁ ያልራራ አምላካችን እግዚአብሔር፣ ወላጆችን ያለ ስስት መስጠትን፣ ልጆችን ያለ ፍርሃት ማመስገንን ያስተምረን። በስደት ያሉትን ይጠብቅልን፤ በየባዕዱ አገር ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የኮሪያ ሰማዕታትም ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።