ከክትክታው ሥር መነሣት



ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱ መድከምም አልሰበከለትም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ዳግመኛ በተኛ ጊዜም ታገሠው፤ ከዚያ በኋላ ለመንገድ አስነሣው። ኤልያስ እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። የእግዚአብሔርን ድምፅ በዝግታ የሰማው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው።

ሰው ሥጋም ነፍስም ነውና አንዱ ሲታሰር ሌላው ይታመማል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ልብን ከመጥቀሙም በላይ ጭንቀትንና ድባቴን እንደሚያቀልል ይገልጻል። ጓሮ መኮትኮትም ሆነ ለቅዳሴ በእግር መሄድ ይቆጠራል። (ቀኑን ሙሉ ውሃና እንጨት የምትሸከም እናት ግን ዕረፍት እንጂ ይህ ምክር አያሻትም።)

በየቁምስናችን ከቀብር ወይም ከጡረታ በኋላ ደጃፋቸውን የማይሻገሩ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ «ጸልዩ» ብሎ መመለስ አይበቃም። ጌታችንም በኤማሁስ መንገድ ያዘኑትን ደቀ መዛሙርት ያነጋገራቸው አብሮአቸው እየሄደ ነበር። እኛም በራቸውን አንኳኩተን፥ ቢቻል እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፥ ባይቻል እስከ ጎረቤት ደጅ አብረናቸው እንሂድ። ሕይወታቸውን እስከ መጥላት የደረሱትን ደግሞ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሳቸው፤ በዚያም መንገድ ብቻቸውን አይሂዱ።