የጉዱ ካሳ ድምፅ የማን ነው?

ከመጽሐፍ የተወሰደ ፊልም ወይም ትረካ ሲመረመር መጽሐፉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሠሪው ያቀረበው ሌላ። እንደ ውክፔዲያ ላለ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት የሚጽፍ ሰው ሁለቱን እንዳያደባልቅ ይጠበቅበታል። ችግሩ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎልቶ ይታያል። ልቦለዱን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ኋላም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኗል። መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ብዙዎች ገጸ ባሕርያቱን ሰብለንና በዛብህን የሚያውቁት በወጋየሁ ድምፅ ነው።

ከልቦለዱ ገጸ ባሕርያት ስለ አንዱ «ጉዱ ካሳ አሽሙረኛ ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ አሽሙሩ ከደራሲው ቃል የመጣ ነው ወይስ ከተራኪው ቃና? ቃሉ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ቃናው አይገኝም። ሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንደሚሆነው መጽሐፍ በሌላ ሰው አንደበት ሲነበብ፣ አንባቢው የት እንደሚያርፍና የትኛውን ቃል እንደሚያጠብቅ ይመርጣል። እንዲህ ከሆነ ጮክ ብሎ ማንበብ ራሱ የመተርጎም ጅማሬ ነው። ስለዚህ የታሪኩን ፍሰት ከመጽሐፉ በቀጥታ መጥቀስ ይቻላል፤ «ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው» ማለት ግን ፍርድ ነውና የፈራጁ ስም አብሮ መጻፍ አለበት።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው፣ የሰሙትን ማመን ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የፍልስፍና ጽሑፍ «ሐተታ» ሰዎች የሰሙትን ሳይመረምሩ ማመናቸውን ይነቅፋል። የመዝገበ ዕውቀት ደንብ ደግሞ ጸሐፊው በራሱ ምርምር የደረሰበትን እንዳያሰፍር ይከለክላል፤ የታተመ ምንጭ አምጣ ይላል። ደንቡ የአእምሮ ስንፍና ቢመስልም አይደለም። አንባቢ የማያውቀውን ጸሐፊ ልብ መመርመር አይችልም፤ የተጠቀሰውን ገጽ ግን ገልጦ ማየት ይችላል። ምርመራው ከጸሐፊው ወደ አንባቢው ተሻገረ እንጂ አልቀረም። የሚገርመው «ሐተታ» ራሱ ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ሲል፣ የፍልስፍና ምሁሩ ክሎድ ሰምነር በኋላ ተከራክሮታል። መዝገቡ ሁለቱንም ከነስማቸው ያሰፍራል እንጂ አይዳኝም።

ቀላል የሚመስለው ዓመትም ያሳስታል። ልቦለዱ የታተመበት 1958 ዓ.ም. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል፤ ወሩ ሳይታወቅ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ግምት ነው።

ቦታም እንዲሁ ነው። የጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በሱሉልታ በኩል ነው፤ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ የጎጃም ታሪክ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቢቀረጽ የታሪኩ ቦታ ጎጃም፣ የቀረጻው ሱሉልታ ተብሎ ለየብቻ ይመዘገባል። የቦታ ስምም ይለወጣል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከዚያ በፊት ቡራዩ የተቀረጸ ፊልም «ሸገር ከተማ ተቀረጸ» ቢባል፣ ለዛሬው ካርታ ልክ፣ ለቀረጻው ዘመን ስህተት ይሆናል። የዘመኑ ስም ቀድሞ ይጻፋል፤ የዛሬው ይከተለዋል።