የ302 ቀን መንገድ

የቅዳሜው ገበያ ተበትኖ ላሊበላ ጸጥ ሲል፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት አዛውንቱ የድጓ መምህር ደጅ ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ ባለጉዳዩ ገና ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ ነው የሚያየን። የመንግሥት ሠራተኛ ይታመናል?»

«የ1958ቱን የዋግና የላስታ ረሃብ ሰምተሃል?»

«የ66ቱንና የ77ቱን ነው የሰማሁት።»

የኔታ ነገሩን ከሥሩ አመጡት። የረሃቡ ወሬ በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባ። የወረኢሉ ፖሊሶች ከዚያ አንድ ወር ቀድመው አውቀውታል። ሚኒስቴሩ ግን ምንም አላደረገም። ወሬው ከዚያ ተነስቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር ይደረግ ሲሉ፣ ሚኒስቴሩ ወደ ወሎ ሹማምንት የላከው ትእዛዝ የሟቾችን ስም ዝርዝር እንዲልኩ ነበር።

ስም ዝርዝር! እህል በሚጠበቅበት ሰዓት።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«ታች ያለው አይቷል። ላይ ያለው ክፉ ወሬ ለአለቃው ማድረስ ፈራ። ከገበሬው ይልቅ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ ጨዋ ቢሆንም አይታመንም፣ ልጄ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው?»

«አይደለም። በ1966 የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 የ77ቱን ረሃብ ለለጋሾች አስቀድሞ ተናግሯል። የደርግ ሹማምንት ግን ልባቸው አሥረኛው የአብዮት በዓል ላይ ነበር። ዓለም የነቃው የኮረም ረሃብተኞች ፊልም በጥቅምት 1977 ሲታይ ነው።»

ዛሬ ሕጉ አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 አሠራር ግልጽ፣ ኃላፊም ተጠያቂ ይሁን ይላል፤ የእንባ ጠባቂ ተቋምም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል። ከላስታ ቀበሌ በእግሯ ለመጣች እናት ግን መንግሥት ማለት መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ «ነገ ተመለሽ» ካላት ሌላ የምታውቀው በር የላትም።

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«ማመልከቻ ስትቀበል መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ጻፍበት፤ ያንኑ ቁጥር በወረቀት ለባለጉዳዩ ስጠው። ያኔ 302 ቀን ቢቆይ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ ይታወቃል።»

«አለቃዬ እንዲህ ያለ ልማድ የለም ካለኝስ?»

የኔታ ኩታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ለእሱም ቁጥርና ቀን ያለው ማስታወሻ ጻፍለት» አሉት።