የከተማ ስፋትና የእግረኛው ሸክም

«የከተማ መስፋት ኀጢአት አለበትን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ የሚስቁበት ብዙዎች ይሆናሉ። ነገሩ የመሐንዲስና የማዘጋጃ ቤት እንጂ የመምህረ ንስሐ አይመስልምና። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚመላለስበት የመንገድ ርዝመት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰዎች መክረውና ወስነው፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይመክሩ በቸልታ ያደረጉት ነው። ሰው በፈቃዱ ያደረገው ሥራ ሁሉ ደግሞ ጽድቅም ሆነ በደል ይገኝበታል። ስለዚህ ጥያቄው ካህናትንና ምእመናንን የማይመለከት ነው ለማለት አይቻልም።

ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ሳይሆን በሐዲያ ምድር፣ በሌሞ በተከበበችው በሆሳዕና ከተማ እንመልከተው። ይህች ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ከተማ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ግን ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ከገባበት በዓል ነው። እንግዲህ ስሟ ራሱ ስለ ጉዞ የሚያስተምር ስም ነው።

መተርጉማን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ከቤተ ፋጌ እስከ ኢየሩሳሌም ካለው 16 ምዕራፍ ጌታችን 14ቱን በእግሩ ሄደ፤ ሁለቱን በአህያይቱ ተቀምጦ ሄደ፤ በውርንጫይቱም ሆኖ ከተማይቱን ሦስት ጊዜ ዞረ። የ14ቱ ምሥጢር አሥሩ ቃላትና አራቱ ኪዳናት መሆናቸውን ካህናት ያውቁታል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በአባቶች ትርጓሜ ላይ አዲስ ትርጓሜ ሊጨምር አይደፍርም። ይሁን እንጂ ምሥጢሩ ግብሩን አያስቀረውም። የፍጥረት ሁሉ ጌታ በእግሩ የሚቻለውን በእግሩ ሄዶ፣ ለተቀረው ጥቂት መንገድ ደግሞ ከሰው የተዋሰውን እንስሳ እንደ ተጠቀመ ታሪኩ በግልጽ ያስረዳል። በፈረስ ያልተቀመጠበትንም ምክንያት ሊቃውንቱ ሲናገሩ፣ በአህያ የተቀመጠ ሰው አባሮ አይዝም፣ ሸሽቶም አያመልጥም፤ የሚፈልገው ሁሉ ያገኘዋል ይላሉ። ይህን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለጉዞ ዕቃችን የምናወጣው ዋጋ የብርና የነዳጅ ብቻ አይደለምና። ከሰው ጋር መገናኘታችንና ለሚፈልገን መገኘታችንም ከዚያው ዋጋ ውስጥ ይቈጠራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈራቸውን ተክለው፣ በመካከሉ ወንዝና ገደል ትተው ተቀመጡባት። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄደው ሰው መጓጓዣው በቅሎው ወይም እግሩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ የቤተ መንግሥት ብርቅ እንጂ የሕዝብ አኗኗር የሚወስን ነገር አልነበረም። ዛሬ ከተማይቱ ከ500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግታለች። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ እጅግ ብዙ ቤተሰብ የራሱ ጣሪያ አገኘ፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና ይህን በመሳሰለው የከተማይቱ ዳርቻ ሲሠሩ፣ ሥራውና ትልቁ ገበያ በቀድሞው ስፍራቸው ቀሩ። ስለዚህ ቤት ያገኘው ሰው ከቤቱ ጋር ረጅም መንገድ ተሰጠው። ሳይነጋ ተነሥቶ ለታክሲ የሚሰለፍ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚገባ አባት ልጆቹን ውዳሴ ማርያም የሚያስጠናበት ጊዜ ከየት ያገኛል? በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ይህን ሸክም ለማቃለል የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ከተማይቱ ከሐዲዱ ይልቅ ፈጥና ሰፋች።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው። ከተማይቱ ለመኪና ትሠራ እንጂ ከነዋሪዋ አብዛኛው መኪና የለውም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው፤ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ጥቂቶች በፍጥነት እንዲሄዱ ብዙዎች ሩቅ እንዲሄዱ ተደረገ ማለት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 11ኛው ምዕራፍ የሕግ ዐዋቂዎችን የወቀሳቸው፣ በሌላው ትከሻ ላይ ከባድ ሸክም ጭነው ራሳቸው በጣታቸው እንኳ ሳይነኩት በመቅረታቸው ነበር። ርቀትም ሸክም ነው። በወረቀት ላይ መስመር የሚያሰምረው ሰው አይሸከመውም፤ የሚሸከሙት እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት፣ ተማሪና ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ናቸው።

ወደ ሆሳዕና እንመለስ። ከተማይቱ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ 32 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን 70 ሺህ ገደማ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ባጃጁ መንገዱን ሞላው፤ የቤት አውቶሞቢሉም ከዓመት ወደ ዓመት በዛ። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱት ወጣቶች የሚልኩት ገንዘብ በከተማይቱ ፎቅ ያሠራል፣ መኪና ይገዛል። ከእነዚህ ልጆች ስንቱ በስውር መንገድ፣ በጭነት መኪና ታፍኖና በእግሩ ዱር አቋርጦ እንደ ሄደ ወላጆች ያውቃሉ። በዚያ መንገድ የቀሩም አሉ። እንዲህ ባለ ድካም የመጣ ገንዘብ በአባት አገር ምን ዓይነት ከተማ ይሥራ የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው ለልጁ ዋጋ ሲል እንኳ ሊያስብበት ይገባል።

ከተማይቱ የምትሰፋው ወደ ሌሞ ገበሬ ጓሮ ነው። የሌሞ ገበሬ ጓሮ ደግሞ እንሰት ነው። እንሰት እንደ ገብስ በአንድ ክረምት ተዘርቶ የሚታጨድ አይደለም፤ ችግኙ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ፣ ከበረት በሚወጣ ፍግ እየፋፋ፣ ዓመታት ጠብቆ የሚደርስ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ከጥቂት መሬት ብዙ ቤተሰብ ይመግባል፤ ዝናብ ሲጓደልም ይታገሣል። ሐዲያና ከምባታ ሰው በሰው ላይ ተጣብቦ እስኪኖር ድረስ የበዛባቸው ምድሮች ሆነው ሳለ ነዋሪውን ያኖረው ይህ ተክል ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬቱ የሚለቀቅበት ገበሬ ካሣ እንዲያገኝ በአዋጅ ቍጥር 1161/2011 ተደንግጓል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ካሣው ብር ነው፤ ብር በእጅ ይጠፋል፤ እንሰቱ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነበር። በዚያ ስፍራ ላይ የሚተከለው ሰፊ ግቢ፣ ጠበብ ብሎ ወይም ወደ ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጓሮው እኩሌታ በተረፈ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ ድሀው መቆሚያ እስኪያጣ ድረስ ቤታቸውንና እርሻቸውን ያለ ልክ የሚያስፋፉትን ሰዎች ገሥጿል።

ኦሪትም ስለዚህ ነገር ዝም አላለችም። በኦሪት ዘኍልቍ 35ኛው ምዕራፍ ለሌዋውያን 48 ከተሞች ሲሰጡ፣ በየከተማው ዙሪያ በአራቱም ማዕዘን 2 ሺህ ክንድ መሰማሪያ እንዲለካ ታዘዘ። በኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛው ምዕራፍ ደግሞ ይህ መሰማሪያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ካህናት ይህን ክፍል ስለ ርስት ሲያስተምሩበት እንሰማለን፤ ስለ ከተማ ልክ የተጻፈ መሆኑን ግን እምብዛም አናነሣውም። ከተማው ወሰን አለው፤ ከወሰኑ ውጭ ያለው መስክ የከተማው ምግብ እንጂ የከተማው ትርፍ ቦታ አይደለም። ሌሞ ለሆሳዕና እንዲህ ያለ መሰማሪያዋ ነው። ከተማይቱ ቆጮዋን የምትበላው ከዚያ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሣል። «መኪና የተጠላው ለምንድን ነው? በምጥ የተያዘችውን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃ ሲያቋርጡ መሽቶባቸው በመንገድ ላይ የሞተችባቸው ጎረቤቶች ለመኪና ምን ያህል ይመኙ እንደ ነበር አታውቁምን?» የሚል ነው። እውነት ነው። ከሌሞና ከአንጋጫ ገጠር ወደ ሆሳዕናው የንግሥት እሌኒ መታሰቢያ ሆስፒታል በሽተኛ ለማድረስ መኪና የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ መንገድ መሥራትም ጽድቅ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ በሚገባ ሲመረመር ነገራችንን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ደጉ ሳምራዊ በኢያሪኮ መንገድ የቈሰለውን ሰው አግኝቶ በገዛ እንስሳው ላይ አስቀመጠው። ቈስሎ የወደቀው ተቀመጠ፤ ባለ እንስሳው በእግሩ ሄደ። የመኪናም ማዕርጉ በዚህ ይለካል። በሽተኛውን፣ ደካማውን፣ ብዙውን ሰው በአንድነት የሚያጓጕዝ መኪና የሳምራዊው እንስሳ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ከቤቱ እስከ ሱቅ 500 ሜትር ለመሄድ የሚያስነሣው መኪና ግን ምን እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ይፍረድ። (የከምባታን የሐምበርቾን ተራራ 777 ደረጃ ለመዝናናት የሚወጣው ይኸው ሰው መሆኑ ደግሞ ያስገርማል።)

ሌላው ሰው ደግሞ «ነገሩ በኤሌክትሪክ መኪና ተፈትቷል» ይላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ነዳጁን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከገዛ ወንዞቹ ለሚያገኝ አገር ይህ ብልህ ውሳኔ ነው። ጭሱም ይቀንሳል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሌሞን ጓሮ አይመልስም፤ የእግረኛውንም መንገድ አያሳጥርም። ሕፃን ከገጨም የሚጐዳው ያው ሕፃን ነው።

እንግዲህ ባለመኪናና ባለቤት የሆነ ክርስቲያን ለእግረኛው ምን ዕዳ አለበት? በኦሪት ዘዳግም 22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ባያደርግ ግን የደም ዕዳ እንዳለበት ተጽፏል። የሠራው ለራሱ ነው፤ ዕዳው ግን ለሌላው ነው። በዚህ ሕግ ብንሄድ፣ አጥሩን ወደ መንገድ ገፍቶ እግረኛውን ወደ ጐማ የሚያወጣ፣ መኪናውን በእግረኛ መሄጃ ላይ የሚያቆም፣ አሸዋና ድንጋይ በበሩ ከምሮ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው በንስሐ አባቱ ፊት የሚናገረው ነገር አለው። በሐዲያ ሰሜን ባለው በጉራጌ ምድር ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ለብዙ ዘመን ሣሩ ሳይታረስ ኖሯል። ለቅሶውና ሠርጉ፣ ሸንጎውና የልጆቹ ጨዋታ የሚሆንበት የጋራ ስፍራ ነውና፤ ወደዚያ አጥር መግፋት በአገሩ ሥርዓት ነውር ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ብዙዎች አዲስ ነገር መሰላቸው። የጉራጌ ሽማግሌ ቢጠየቅ ግን በወር አንድ ቀን ለምን ብቻ ይል ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ጉዳይ ያላት ትምህርት በቃል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአጥቢያ ሥርዓቷ ውስጥ ይታያል። አጥቢያ የሚባለው ምእመኑ በሌሊት ለኪዳን፣ በማለዳ ለቅዳሴ በእግሩ መድረስ በሚችልበት ልክ የቆመ ነው። ካህኑ ለቀንዲል፣ ለክርስትና፣ ለፍትሐት ሲጠራ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ በመንገዱም የታመመውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። የአጥቢያው ልክ ሲፈርስ ይህ ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። ዛሬ በየከተማው ምእመኑ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ትቶ፣ ስመ ጥር ሰባኪ ወዳለበት በመኪና ሲሄድ፣ የእሑድ ቅዳሴ በር በመኪና ተዘግቶ አካል ጕዳተኛው መግቢያ ሲያጣ እናያለን። ይህን ለማረም የመንግሥት በጀት መጠበቅ አያሻም። የሰበካ ጉባኤው ቢወስን በአንድ እሑድ ይታረማል። በግቢው ውስጥ ያሉትን ዛፎች ለመኪና ማቆሚያ ሲባል የሚቈርጥ ደብር ግን ጉባኤው ሊያስብበት ይገባዋል። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደን አገሩ ሁሉ ሲራቈት ሳይነካ የኖረው አባቶች ለሌላ አገልግሎት ስላልሰጡት ነውና።

በሆሳዕና ዙሪያ አዲስ መንደር ሲመራ ነዋሪዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለመቃኞ የሚሆን ቦታ መጠየቃቸው የማይቀር ነው። ሰበካ ጉባኤው ያን ጊዜ ለልመና ብቻ ወደ ማዘጋጃ ቤት ከመሄድ ይልቅ አስቀድሞ፣ ፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ቢሄድ፣ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ከመንደሩ ዳር ያለች አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ውኃ መቅጃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጕሊቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በስንት እርምጃ እንደምትደርስባቸው መሐንዲሱን መጠየቅ ይችላል፤ ከመጨረሻው ቤት ባሻገር ያለው የሌሞ እንሰትም ስንት ክንድ እንደሚቀረው።