የክርስትና ስምና የማኅበር ጽዋ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደች ልጅ ቢያንስ ሁለት ስም ይዛ ታድጋለች። አንዱን እናትና አባት፣ አንዳንዴም አያት ያወጡላታል፤ ጎረቤት የሚጠራት፣ ትምህርት ቤት የምትመዘገበው በዚህ ነው። ሁለተኛውን ቄሱ ክርስትና ሲያነሷት ይሰይሙላታል። ይኸኛው ከዚያ ቀን በኋላ ከሰው አፍ ይጠፋል፤ ለቁርባን፣ ለንስሐና ለፍትሐት ካልሆነ አይነሳም። ስታድግና ጎጆ ስትወጣ ደግሞ ሦስተኛ መታወቂያ ይጨመርላታል፤ የማርያም ወይም የሚካኤል ማኅበርተኛ ትሆናለች። ስሙ ሳትጠየቅ የተሰጣት ነው፤ ማኅበሩን ግን ራሷ ጠይቃ፣ ሌሎችም ተስማምተው ነው የገባችበት። ሰው የማን እንደ ሆነ የሚለየው በየትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

የቤቱ ስም የቤቱን ታሪክ ይናገራል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ቤት ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይላል። የሐዘኑና የደስታው፣ የድካሙና የተስፋው ልክ በስሙ ውስጥ ተቀምጦ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለውም ሰሚ ወላጅ ያወጣውን ስም በኋላ ከልጁ ኑሮ ጋር ሲያስተያየው ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው፤ ሴት ልጅ ብታገባም የባሏን ስም አትወስድም። በአንዳንድ የአማራ አካባቢ ግን አማት ለምራቷ አዲስ የቤት ስም ታወጣላታለች። አዲሱ ቤት የራሱ ያደረጋት በዚህ መጠሪያ ነው።

ስም ሥራ እንደሚያሠራ ለማየት ደብረ ታቦርን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ ራሷ ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም የተጠራች ናት። በ1847 በደረስጌ ማርያም የነገሠው ካሳ ኃይሉ «ቴዎድሮስ» የሚለውን የንግሥ ስም የመረጠው ሕዝቡ በዚህ ስም የሚነሣ ጻድቅ ንጉሥ ይጠብቅ ስለ ነበር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስፈሰሰው ይኸው ሰው ወላጆቹ ባወጡለት ስም ሳይሆን ሕዝብ በሚጠብቀው ስም መኖርን መርጧል። የከተማዋ መሥራች የሚባለው የራስ ጉግሣ ዘር የሆነችው እቴጌ ጣይቱ ደግሞ የዓለም ስሟ ፀሐይን ያነሣል፤ የክርስትና ስሟ ግን ወለተ ሚካኤል ነው። አገር የሚያውቀው ጣይቱን ነው፤ በመንበሩ ፊት የምትቆመው ወለተ ሚካኤል ናት።

ክርስትና ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ይነሣሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ስለሚናገር ጥምቀት ወደ ገነት መመለስ ሆኖ ይታያል። በዕለቱ እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣለች፤ በሥርዓቱ ጊዜ ግን ሕፃኗን የክርስትና እናቷ ትቀበላታለች። ቄሱ ውኃውን ባርከው ያጠምቋታል፤ ሜሮን ይቀቧታል፤ ማዕተብ ያስሩላታል። ስሙን ብዙ ጊዜ ከዕለቱ ቅዱስ ያወጡታል፤ ለሴት ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ ጽጌ ማርያም፣ ለወንድ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሥላሴ ይሆናል። በዚያው ቀን ሕፃኗ ትቆርባለች። ከዚያ ወዲህ እናቷና የክርስትና እናቷ አበልጅ ናቸው፤ አበልጅነቱም እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻ የሚከለክል ነው። ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ ሙልሙል ጋግራ ትልካለች። ሙልሙሉ ትንሽ ዳቦ ነው፤ ከእሳት ወጥቶ ትኩሱን በመሶብ ሲሄድ ግን ልጅቱ ከቤቷ ውጭ ሌላ እናት እንዳላት በየዓመቱ ታስታውሳለች።

ስሙ ለምን ይሰወራል ለሚለው ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ ፍርሃት ነው። የክርስትና ስምና የእናት ስም ያወቀ ጠንቋይ ኮከብ ይቆጥራል፣ መድኃኒት ያደርጋል ይባላል። በብራና ተጽፎ በአንገት የሚያዘው ክታብም ያለ ባለቤቱ የክርስትና ስም አይሠራም። «ለአመትከ» ከሚለው በኋላ ስሙ በቀይ ቀለም ይገባል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር አሮጌው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል። የተፋቀ ብራና ያየ ሰው ስም ምን ያህል የሰውን ነፍስ እንደሚተካ ይረዳል። ሁለተኛው መልስ የቤተ ክርስቲያን ነው። ምሥጢር ለባለቤቱና ለባለመዝገቡ ይበቃል፤ በገበያ የሚጠራው ስም ለሰው፣ ይህ ግን ለእግዚአብሔር ነው። ሁለቱ መልሶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ክብደቱ ግን ያለው በሁለተኛው ነው። ፍርሃቱ ቢጠፋ እንኳ የመሰወሩ ትርጉም አይጠፋምና።

ትርጉሙም ይህ ነው። ወለተ ማርያም የምትባል ሴት በስሟ ውስጥ የአባቷ ርስት የለም። ራስ ይሁን ጭሰኛ፣ ባላባት ይሁን ስደተኛ፣ የወለዳት ማን እንደ ሆነ ስሙ አይናገርም። ቄሱ ሲያቆርቡ የጌታይቱ ወለተ ማርያምና የገረዷ ወለተ ማርያም አንድ ናቸው። የዓለም ስም ሰውን ከዘሩ ጋር ሲያስር፣ የክርስትና ስም ከዘሩ ፈትቶ ሁሉን የአንድ ቤት ልጅ ያደርጋል። ስሙ ለልጅቱ ገና በሰማንያ ቀኗ፣ ምንም ሳትሠራና ሳታጠፋ፣ ሰው ሳይመርጣት የተሰጣት በመሆኑ ጸጋ ነው።

ማኅበር ግን በምርጫ ይኖራል። በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴ፣ በስማዳ የሴቶች የማርያም ማኅበር በየወሩ በ21 ይጠጣል፤ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ መድኃኔ ዓለም በ27። አባላቱ በብዙ ቦታ እንደ ሐዋርያት አሥራ ሁለት ናቸው፤ መሪው «ሙሴ» ይባላል። ተረኛዋ ጌሾውን አዘጋጅታ፣ ጠላዋን ጠምቃ፣ ድፎዋን ጋግራ ትጠብቃለች። ቄሱ ዳቦውን ይባርካሉ፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሐል ላይ ይቆያል። የተጣሉ ካሉ ሳይታረቁ ከጽዋው አይቀምሱም፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች ትቀጣለች። ሲያልቅ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተነሥታ ጽዋውን ትቀበላለች፤ ስማ፣ ታቅፋ፣ ሌሎቹ እስከ ደጃፍ እየሸኟት ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። የዓመቱ አሥራ ሁለት ወራት እንዲህ ከቤት ቤት ይዞራሉ።

አዲስ ሴት ማኅበር ለመግባት የጎደለ ቦታ ያስፈልጋታል። ብዙ ጊዜ የሞተች እናት ቦታ ለልጇ ይቀራል፤ ያለበለዚያ ከአባላቱ አንዷ ስለ እሷ ትናገርላታለች። የሚጠየቀው ሀብቷ አይደለም፤ ተራዋን ትወጣለች ወይ፣ ነገረኛ አይደለችም ወይ፣ የታመመ ትጠይቃለች ወይ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚሁ ደጋ ለብዙ ዘመን በር የተዘጋባቸው ነበሩ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ከማዕድ ይገለሉ ነበር። ድስቷና ጀበናዋ በየቤቱ ምድጃ ላይ የሚጣድላት ሸክላ ሠሪ፣ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ማርያም የተባለችም ብትሆን፣ ከማርያም ጽዋ ለመቅመስ ቦታ አታገኝም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ባለሙያን በሥራው የሚሰድቡትን የሚያወግዝ አዋጅ ያወጡት ስድቡ አገር ያጠፋ ስለ ነበር ነው። አዋጅ ግን የስድቡን አፍ እንጂ የማኅበሩን ደጃፍ በአንድ ቀን አይከፍትም። ጥምቀት አንድ ያደረገውን ማኅበር ሲለየው ጥፋቱ የማኅበሩ ነው፤ ጽዋውን የሚቀድሰው ስሙ የተጠራበት ቅዱስ እንጂ የጠጪዎቹ ዘር አይደለምና።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የእናት የዘር ስም ለሴት ልጅ መጀመሪያ ስም ሆኖ መሰጠቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ስሟን የሰማ ከማን ወገን እንደ ሆነች ይለያል። እዚያው ጆርጂያ ውስጥ፣ በሜከን ከተማ በሚገኘው ዌስሊያን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1851 የሴት ተማሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሙን የወሰደው «እኅት» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች እንዲህ ካለ ማኅበር ለመግባት ከማኅበር ቤት ወደ ማኅበር ቤት እየዞሩ ይታያሉ፤ ማኅበሮቹም መርጠው ይቀበላሉ። እናቷ ወይም አያቷ አባል የነበረች ልጅ ለረጅም ጊዜ ቅድሚያ ታገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ ጥቁር ተማሪ በቀለሟ ምክንያት እንዳልተመረጠች ሲያወጣ ነገሩ አገር አነጋገረ። እኅትነት ተብሎ የተጀመረ ነገር የዘር መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ በደጋውም በቆላውም አደጋው አንድ ነው።

ስምና ማኅበር ሳይጋጩ የተገናኙበትን ምሳሌ ለማግኘት ወደ ጣና መውረድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏን ትታ መነኮሰች፤ በሐይቁ ዙሪያም ማኅበረ መነኮሳትን መሠረተች። የምትታወቀው በዓለም ስም ሳይሆን በክርስትና ስሟ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አብራት የኖረችው ባልንጀራዋ ደግሞ እኅተ ክርስቶስ ትባላለች፤ የክርስቶስ እኅት ማለት ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች፤ ገድሏ ከ30 ዓመት በኋላ በገላውዴዎስ ተጻፈ። ስሟ በደቡብ ጎንደር በቋራጣ ገዳም እስከ ዛሬ ይጠራል። ከመሳፍንት ቤት የወጣች ሴት ርስቷን ትታ ከሌሎች ጋር በአንድ ሥርዓት ስትኖር፣ የተሰወረው ስም አደባባይ ወጥቶ የማኅበሩ ሕግ ሆነ። የጸጋው ስም ማኅበሩን መራው እንጂ ማኅበሩ ስሙን አልመረጠም።

በከተማ ኑሮ ሥርዓቱ መልኩን እየቀየረ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ከእናቱ ማኅበር ተለይቶ ይመጣል። በ1984 የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ ስላለው፣ ነባር ተማሪዎች አዲስ መጪዎችን ይቀበላሉ፤ መኝታ ያሳያሉ፣ ሻንጣ ይይዛሉ። እዚህ የሚጎድል ቦታ መጠበቅ የለም፤ የሚፈለገው መጠመቅ ብቻ ነው። በእነዚህ ወጣቶች ዘንድ «ወለተ ሥላሴ»፣ «ገብረ ማርያም» እየተባባሉ በክርስትና ስም መጠራራት ተለምዷል። አሮጊቶቹ የተሰወረው ሲጠራ ደነገጥን ይላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ በአባት ስም ሳይተያዩ መኖርን ተምረውበታል። በዚህ ረገድ ወጣቶቹ የስሙን ትርጉም ወደ ቦታው መልሰውታል ማለት ይቻላል። ስምና ጉባኤ የሚገናኙት በክርስቲያኑ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው የሚኖሩ ሙስሊሞች ልጃቸውን ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ቀን፣ በአቂቃ ይሰይማሉ፤ እዚያም ስሙን ለሕፃኑ የሚያጸናለት የተሰበሰበው ጀማ ነው።

ስሙ በመጨረሻ የሚነሳው በሞት ነው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ካህናቱ ፍትሐት ሲጀምሩ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጆቿ ብዙ ጊዜ አያውቁትም፤ እናታቸውን በዓለም ስሟ ብቻ ነው የሚያውቋት። የክርስትና እናቷ ቀድማት ሞታለች። የነፍስ አባቷ ሩቅ ከሆኑ ዝም ይባላል፤ ከነጠላዎቹ መሐል አንዲት ማኅበርተኛ ብድግ ብላ፣ ለአርባ ዓመት በልቧ የያዘችውን ስም ለቄሱ ጆሮ ትናገራለች። ቄሱ ይቀበሉና ጸሎቱን ይቀጥላሉ። ፍትሐቱ በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30 ይደገማል፤ በ40 እና በ80 ቀንም እንደዚያው። በየቀኑ የሚጠራው ያ ስም ነው። በሚቀጥለው 21 ማኅበሩ ሲሰበሰብ የሟቿ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ለነፍሷ ይጸለያል፤ ከዚያም ሙሴዋ በቦታዋ ማን እንደምትገባ ትጠይቃለች።